ዘፋኝ፦ ያልታወቀ

ጣቢታ ብርቱካን እየመረጠች ነበር፤ ድልድይ የሚባለው ሰው በሕዝቡ መሐል ሲመጣ አየችው።

ግራ እጁን ከሆዱ ላይ አላነሳም።

የሰበታ መናኸሪያ እንደ ወትሮው ይጮኻል። «አየር ጤና የሞላ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» ረዳቶች መንገደኛውን በክንዱ ይጎትታሉ። የክረምቱ ዝናብ መሬቱን ጭቃ አድርጎታል። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ድልድይ ለገዳዮች መልእክት ከሚያጓጉዘው ሰው ኪስ ፍላሹን ያወጣል። በአጠገቧ ሲያልፍ ይጥልላታል። እሱ በአንድ ታክሲ፣ እሷ በሌላ ይሄዳሉ። አይተያዩም።

ድልድይ የምስጢር ስሙ ነው። የእሷ መርፌ።

እሱ ግን አያት።

«ይቅርታ፣ እህቴ» አለና ገፋ አድርጓት አለፈ። ብርቱካን በያዘው ፌስታሏ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ወደቀ። ጥቂት ተራመደ። ከዚያ ጭቃው ላይ ወደቀ። ሆዱን በያዙት ጣቶቹ መሐል ደም ይወርድ ነበር።

ከኋላው ግራጫ ጃኬት የለበሰ ረጅም ሰው ደረሰ። ቢላዋውን እጅጌው ውስጥ መልሷል። ዙሪያውን ቃኘና ጮኸ።

«ሌባ! ያዙት! ሌባ ነው!»

ለመናኸሪያ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። መጀመሪያ አንድ ረዳት ረገጠው። ቀጥሎ ተሸካሚዎቹ። ቀጥሎ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እግር ሁሉ። ረጅሙ ሰው በእግሮቹ መሐል ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሰው ኪስ በረበረ። የፈለገውን አላገኘም።

ጣቢታ ቦርሳዋ ውስጥ ሽጉጥ ነበራት።

አላወጣችውም። ብታወጣው ፍላሹ ይያዛል። ፍላሹ ከተያዘ ሱሉልታ የደበቀቻት ምስክር ትሞታለች። ለብርቱካን ሻጯ ሒሳቧን ሰጠችና ታክሲ ውስጥ ገባች። በሩ እስኪዘጋ ድረስ እርጥብ ነገር ላይ የሚያርፍ የጫማ ድምፅ ይሰማት ነበር።

የሞተው ሰው ስሙ ባጫ ነው።

ባሏ ነበር። ይህን በምድር ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ አሁን ጭቃው ላይ ተኝቷል።

አየር ጤና ወረደች። ሻሿን ቀየረች፣ የስልኳን ሲም ቀየረች፣ አንድ ጫማ ቤት መስታወት ፊት ቆማ ከኋላዋ የሚከተል አለመኖሩን አየች። ከዚያ ለአለቃዋ ለሀብተወልድ ደወለች።

«መርፌ ነኝ። ድልድይ ተሰብሯል።»

«ዕቃውስ?»

«በእጄ ነው።»

«ጎበዝ። አትክፈቺው። ራሴ እቀበልሻለሁ። ስለ ልጁ አዝናለሁ። ደግነቱ ወንደላጤ ነው፤ የሚያለቅስለት ሚስት የለውም።»

«አዎ» አለች ጣቢታ። «የለውም።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ አንድ ነገር ከነከናት። ሀብተወልድ ስንት ዓመት ሲያሠራት አንድም ቀን «አትክፈቺው» ብሏት አያውቅም።

ቡራዩ ላይ ኤልሳቤት ነበር የምትባለው። የኦቦ ቀጄላ ሙዚቃ ቤት ሠራተኛ። ከብረት ሠሪዎቹና ከአናጺዎቹ ሱቆች መሐል ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ የታክሲ ሾፌር ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣባታል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዘፈንና መዝሙር አለ። ከካሴት፣ ከሲዲ፣ ከሰው ስልክ የተለቃቀመ ነው። ከእያንዳንዱ ዘፈን ጀርባ ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ርዕስ፣ ዘፋኝ፣ አልበም፣ ዓመት። በመኪናው ቴፕ ገጽ ላይ የሚነበበው እዚያ የተጻፈው ነው። ሳጥኖቹ ግን ጉድ ነበሩ። የአልበሙ ስም ዘፋኙ ቦታ፣ የዘፋኙ ስም ርዕሱ ቦታ ይገኛል። ዓመቱ የባሰ ነበር፤ ግማሹ በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ።

የኤልሳቤት ሥራ እሱን ማስተካከል ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስታስተካክል ከርማለች። የጦር መሣሪያ አሻጋሪዎች ሰው ከዚህ ቤት ዘፈን እያስጫነ ለቅጥር ገዳዮቻቸው እንደሚያደርስ የምትሠራበት የስለላ ቢሮ ደርሶበታል፤ መልእክቱ የት እንደሚደበቅ ግን አላወቀም።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንታላ ኮ! እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ?» አሉ ኦቦ ቀጄላ ስትገባ። ሸንቃጣ፣ ነጭ ጢማም፣ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ እስክሪብቶ የሚሰኩ ሽማግሌ ናቸው። «አክስትሽ ተሻላት?»

«ደህና ናት፣ ኦቦ ቀጄላ።»

«ፊትሽ ግን ደህና አይደለም። በይ፣ ትናንት ከወጣሽ በኋላ አዲስ የመዘምራን ፎልደር ገብቷል፤ እንደ ልማድሽ የፈረንጁን ዓመት አባሪልን።»

«ማን አመጣው?»

«ያ አስተማሪ ነኝ የሚለው ሽበታም። ጣቱ ጫፉ የተቆረጠው። በየጊዜው ጥሩ ጥሩ መዝሙር ያመጣልናል እኮ!»

ጣቢታ ፍላሹን ሰካች። ጫፉ የተቆረጠ ጣት ያለው ሽበታም ሰው ታውቃለች። ከሰዓት በፊት በስልክ አነጋግራዋለች።

መዝሙሮቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ሰባተኛው ላይ ደረሰች። አልበም፦ ሱሉልታ። ዓመት፦ 2011።

2011 ዓመት አልነበረም። የግቢ በር ቁጥር ነበር። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ፤ ብርሃነሽን ራሷ ወስዳ የደበቀችበት ግቢ። ብርሃነሽ የአሻጋሪዎቹ አለቃ ሰው ሲገድል በዓይኗ ያየች አንዲት ምስክር ናት፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ቤቱን የሚያውቁት ጣቢታና ሀብተወልድ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ሌላ ነገር ታወሳት።

ብርሃነሽ በፊት የተደበቀችው ሰበታ ነበር፤ ቁጥር 2012። ገዳዮቹ ግን 2004 ገብተው ጋሽ ዱባለ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር አልጋቸው ላይ ገደሉ። ለምን እንደሆነ ቢሮው ውስጥ ማንም አልገባውም። ጣቢታ የዚያን ሰሞን የመዘምራኑን ፎልደር እንዳገኘች ከዓመቱ ሳጥን ላይ ስምንት ቀንሳ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሳዋለች። ሥራዋ ስለሆነ። አጻጻፉ አንድ ወጥ እንዲሆን።

ጋሽ ዱባለን የገደለቻቸው እሷ ናት።

ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም። በሩ ላይ ጥላ አጠላ። ግራጫው ጃኬት።

«ኪሩ! ደግሞ መጣህ?» አሉ ኦቦ ቀጄላ።

«ፍላሽ ጠፋብኝ፣ ፋዘር። የትናንቱን መዝሙር ድገሙልኝ።»

«ኤልሳቤት ትጭንልሃለች። አንተ መዝሙር ስትወድ! ገዳም ልትገባ ነው እንዴ?»

ኪሩ ሳቀ። የጃኬቱ እጅጌ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ጣቢታ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞራ የተሰካውን ፍላሽ ነቅላ ኪሷ ውስጥ ከተተች። በኮምፒዩተሩ ያለው ፎልደር ውስጥ ሰባተኛውን ከፈተች። 2011ን አጠፋች። 2003 ጻፈች። የበሮቹ ቁጥር በሁለት በሁለት ስለሚዘል ከብርሃነሽ በር አራት በር ወዲህ ያለ ጅምር ፎቅ ነው፤ መስኮት የለው፣ በር የለው፣ ሰው የለው። ኪሩ መልእክት ተሸካሚ ብቻ ነው፤ የሚያነቡት ሌሎች ናቸው። ለውጡን ማወቅ አይችልም።

«ብርቱካን ትወጃለሽ?» አለ ኪሩ።

ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዷን አንስቶ አገላበጣት።

«ከየት ገዛሽው?»

«ከሰበታ ነዋ!» አሉ ኦቦ ቀጄላ። «ጠዋት አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ...»

የኪሩ እጅ የጣቢታን የእጅ አንጓ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ያዘው። ቢላዋው ከእጅጌው ወጥቶ በጣቶቿ መሐል እንጨቱ ላይ ተተከለ።

«መናኸሪያ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ምን አየሽ?»

«ልቀቃት አንተ!» ኦቦ ቀጄላ ተነሡ። ኪሩ ሳይዞር በክርኑ አፋቸውን መታቸው። ሽማግሌው ከነመደርደሪያው ወደቁ፤ ጢማቸው ቀላ።

ጣቢታ ዓይኑን አየችው።

«ሌባ ሲደበደብ አየሁ። ያላየ አለ? እኔም ረግጬዋለሁ። ባለፈው ወር ስልኬን የወሰደው እንደሱ ያለ ነው።»

ከጎረቤት የብየዳ ድምፅ ይሰማል።

«የት ላይ ረገጥሽው?»

«ፊቱን።»

ኪሩ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ መጣ። «ወንድ ነሽ!» ቢላዋውን ነቀለ። የተጫነለትን አዲስ ፍላሽ ተቀበለ። ብርቱካኑን እየላጠ ወጣ።

ጣቢታ ሽማግሌውን አነሣቻቸው፣ ደማቸውን ጠረገችላቸው።

«አንቺ ማነሽ?» አሉ ኦቦ ቀጄላ ቀስ ብለው።

«ሠራተኛዎ ነኝ። ዛሬ ሱቁን ይዝጉና ልጅዎ ቤት ይደሩ። ይህን ብቻ እሺ ይበሉኝ።»

ከደጅ ሆና ደወለች። «መርፌ ነኝ። የጠረጠርኩት ነገር ስላለ እንግዳዋን ከግቢዋ አውጥቻታለሁ። 2003 ጅምሩ ፎቅ ላይ ነን። ዕቃውም እዚያ ነው።»

ሀብተወልድ ወዲያው መለሰላት። «ከዚያ እንዳትንቀሳቀሱ» አለ።

ሱሉልታ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ከሰዓት ቢሆንም አጥሮቹ በቅጡ አይታዩም። ጣቢታ 2011 ገብታ ብርሃነሽን አልጋ ሥር አስተኛቻት። «ተኩስ ብትሰሚም እኔን ብትሰሚም እንዳትወጪ» አለቻት። ከዚያ ጅምሩ ፎቅ ውስጥ ገብታ የደረጃው ራስ ላይ ቆመች።

ሀብተወልድ ብቻውን መጣ። ሽጉጡ በእጁ ነበር።

«የት ናት?»

«አስተማሪው የት ያስተምራሉ?» አለች ጣቢታ።

ፊቱ አልተለወጠም። የደከመው ሰው መሰለ። «ከፍተሽዋል ማለት ነው።»

«ለምን?»

«አንድ ጊዜ እሺ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አይጠይቁም፤ ያዛሉ።» ሽጉጡን አቀናው። «ሴትየዋን ዛሬ አጣኋት። አንቺን ግን ያወቅሽውን ይዘሽ እንድትሄጂ አልለቅሽም። አዝናለሁ፣ መርፌ።»

ውጭ መኪና ቆመ።

ሀብተወልድ ወደ በሩ አየ። «ወደዚህ ለምን መጡ? ቁጥሩ...»

«ዓመቱን አስተካከልኩት» አለች። «ወደ እኛ አቆጣጠር።»

ገዳዮቹ አይተውት አያውቁም። ለእነሱ ሀብተወልድ ሽጉጥ የያዘ ጠባቂ ነበር። የመጀመሪያው ሰው በሩ ላይ ሳይደርስ ተኮሰ። ሀብተወልድ ጉሮሮው ላይ ተመታ፤ እየወደቀ መልሶ ተኮሰና ሰውየውን አገጩ ሥር አገኘው። ሁለተኛው ክላሹን አነሣ። ግድግዳው ተፈረካከሰ። ጣቢታ አጎንብሳ አቧራው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተኮሰች።

ሰውየው ተቀመጠ። አልተነሣም።

ፍላሹን አድርሶ አብሯቸው የመጣው ኪሩ ቀረ።

ከኋላ በኩል፣ በእንጨት መወጣጫው መጣባት። ቢላዋውን በባዶ እጇ ያዘችው። ስለቱ መዳፏ ውስጥ እስከ አጥንት ገባ። አንድ ላይ ወደቁና በደረጃው ተንከባለሉ። ሥር ሲደርሱ ሽጉጧ አገጩ ላይ ነበር።

«ባለብርቱካኗ!» አለ ኪሩ፤ ገረመው እንጂ አልፈራም። «የሌባው ምኑ ነሽ አንቺ?»

መልስ ልትሰጠው ትችል ነበር። ማንም አይሰማም፤ ከሙታን በቀር።

ቃታውን ሳበች።

ብርሃነሽ ሰኞ ቀርባ መሰከረች። የአሻጋሪዎቹ አለቃ እጁ ታስሮ ሲወጣ ጣቢታ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ቆማ አየችው። ሀብተወልድ ባንዲራ ለብሶ ተቀበረ፤ ቢሮው ጉዱ እንዲወጣ አልፈለገም፤ በግዳጅ ላይ ወደቀ ተባለ። ስለ ባጫ ማንም ምንም አላለም። ሰበታ መናኸሪያ ውስጥ ሰው የደበደበው ሌባ ሆኖ ቀረ።

ቡራዩ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ትንሽ ድንኳን፤ ሰው አልሞላውም። የባጫ እናት መግቢያው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ጣቢታ የታሠረ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ በማዶው አለፈች። አንዲት ሴት ለሌላዋ «በሌብነት ነው አሉ፤ እናቱ ምን ታድርግ» ስትል ሰማች።

አልቆመችም።

ሙዚቃ ቤቱ ገብታ ደሞዟን ሳትጠይቅ ሥራ ልትለቅ እንደሆነ ተናገረች። ኦቦ ቀጄላ ከንፈራቸው ገና አብጧል፤ ምንም አልጠየቋትም። «አንድ ዘፈን ቀርታኛለች» አለቻቸው።

ባጫ ተማሪ ሳለ እዚያው ቡራዩ ራሱ ዘፍኖ የቀዳት አንዲት የኦሮምኛ የሰርግ ዘፈን ናት። እንዴት እንደሆነ አይታወቅም፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነበረች። ዘፋኝ፦ ያልታወቀ። «ሁሉንም ስታስተካክዪ የእኔን ስም ምናለ ብትጽፊልኝ?» እያለ ይስቅባት ነበር። «ሰላይ ስም የለውም» ትለው ነበር እሷም።

ሳጥኑን ከፈተች። ጻፈች። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር አደረገች። ሾፌሮች ሁሉ የሚወስዱት የሰርግ ፎልደር ውስጥ አስገባቻት።

መስከረም ሲጠባ ሌላ ስም ይዛ በሆለታ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ዘፈኗ ጀመረች።

«ማነው ይሄ?» አለ አንድ ተሳፋሪ።

ረዳቱ ቴፑ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ባጫ ይላል።»

«አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። ድምፁ ግን ያምራል።» ረዳቱ ድምፁን ከፍ አደረገው።

ጣቢታ እስኪያልቅ ጠበቀች። የምትወርድበት ቦታ አልፏታል።

«ወራጅ አለ» አለች።