ከበረዶው ሥር የሚተነፍሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ስሜ ቴክላ ይባላል። የምኖረው ግሪንላንድ ውስጥ፣ ከኡፐርናቪክ ከተማም ወደ ሰሜን አልፋ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ጎረቤት ሁሉ በስም ይተዋወቃል፤ ውሻው ሳይቀር።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር።

እኩለ ቀን ማለቴ ነው... ግን ጨለማ ነው። ታኅሣሥ ላይ እኛ ጋ ፀሐይ የለችም፤ ከሄደች ወር አልፏታል። ያለችው ጨረቃ ብቻ ናት። የዚያን ቀን ደግሞ ሙሉ ነበረች።

ባሌ ኡሳርካክ ከሞተ ገና ወሩ ነበር።

ሞተ ይበሉት እንጂ ሬሳው አልተገኘም። ከታናሽ ወንድሙ ከአካሉክ ጋር ለአደን ወጡ፤ አካሉክ ብቻውን ተመለሰ።

"እኔ ከፊት ነበርኩ" አለ። "ዞር ስል በረዶው ተከፍቷል፤ እሱ የለም። ከሩቅ ነው ያየሁት። ልደርስለት አልቻልኩም።"

መንደሩ አለቀሰ። ጸሎት ተደረገ። ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ የምበላው አካሉክ የሚያመጣውን ሥጋ ሆነ። ሰው ሁሉ "እንዲህ ያለ ዋርሳ ከየት ይገኛል?" ይለኛል። እኔም ባመጣ ቁጥር አመሰግነዋለሁ። ምስጋናው ግን ከአፌ ሲወጣ እንደ እሬት ይመረኛል... ለምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

የዚያን ቀን አካሉክ ረዳት አጣና "መረብ ላወጣ ነው፣ ተነሺ" አለኝ። በውሻ በሚጎተተው ጋሪ ወጣን።

መረቡን የምንዘረጋው ከበረዶው ሥር ነው። አቆስጣ የምንለውን ስባም የባሕር እንስሳ እንይዝበታለን። ቶሎ ካላወጣነው ግን የሚቀድሙን አሉ... "ጎባጦቹ" እንላቸዋለን። ጥፍር የሚያክሉ፣ ጀርባቸው የጎበጠ ፍጥረታት ናቸው። ትልቁን አቆስጣ በልተው ቆዳና አጥንት ያስቀሩልናል።

ባሌ ስለ ባሕር ትንንሾች ማውራት ይወድ ነበር።

"ከሰው ይልቅ ብልሆቹ እነሱ ናቸው" ይለኝ ነበር። "የሩዝ ፍሬ የሚያክሉት ቀዮቹ ብርሃን ሳለ ስብ ይቋጥራሉ። ጨለማው ሲገባ ወደ ጥልቁ ወርደው ይተኛሉ። ፀሐይ እስክትመለስ ንቅንቅ የለም። በጨለማ ውኃ ውስጥ የሚያበሩት ደግሞ ጨረቃን ይፈራሉ፤ ስትደምቅ ዓሣ እንዳያያቸው ወደ ታች ይሸሻሉ። ጎባጦቹ ብቻ አይተኙም። የወደቀ ሲገኝ ይበላሉ።"

እንግዲህ ይህን ያዙልኝ። በጨለማ ወራት ቀዮቹ ጥልቁ ውስጥ ናቸው። በሙሉ ጨረቃ ውኃው አያበራም።

ቀዳዳው ጋ ልንደርስ ስንል መሪው ውሻ ቆመ።

አካሉክ በጅራፍ ሸነቆጠው። ውሻው ተኛ። ሌሎቹም ተከትለውት ተኙ።

"ምን ሆነው ነው?" አልኩት።

"ጠግበው ነዋ። እንደ አንቺ ቁጭ ብሎ መብላት ለመዱ።" ሳቀ።



ከጋሪው ወርዶ መራመድ ጀመረ። ውሾቹ በዓይናቸው ተከተሉት... የሚያዩት ግን ፊቱን አልነበረም። እግሩን ነበር።

እኔም ዝቅ ብዬ አየሁ።

ነፋሱ በረዶውን ጠርጎ መስተዋት አስመስሎታል። ከሥሩ ብርሃን አለ። ሰማያዊ። ደብዛዛ። ቁመቱ የሰው ያህል።

በሙሉ ጨረቃ።

አካሉክ አንድ እርምጃ ሄደ። ብርሃኑም ሄደ።

ቆመ... ብርሃኑም ቆመ።

"አየኸው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ከእግርህ ሥር..."

"አርፈሽ መረቡን ያዢ።"

ድምፁ ግን የቅድሙ ድምፅ አልነበረም። ወደ ታችም አላየም። አንዴም።

ቀዳዳው ላይ የጋገረውን በረዶ በዲጅኖ ሰበረና መሳብ ጀመርን። ከበደን። በሕይወት ያለ እንስሳ ይታገላል፤ የሞተ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጎተታል። ይሄኛው ግን ሁለቱንም አላደረገም። ቀስ ብሎ... በፈቃዱ የሚመጣ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የወጣው ቆብ ነው።

የቆዳ ካፖርት ቆብ። ለባሌ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስፌቴን አላጣውም።

ቀጥሎ ትከሻው ወጣ። ደረቱ። እጅጌዎቹ። ቆቡ አገጭ ሥር እንደታሰረ ነው። ወገቡ ላይ ገመድ ተጠምጥሟል፤ የገመዱ ጫፍ አልተበጠሰም... በቢላዋ የተቆረጠ ነው።

ውስጡ ሰው የለም። አጥንት እንኳ የለም።

ግን ባዶ አልነበረም።

በባትሪዬ በቆቡ በኩል ወደ ውስጥ አበራሁ። ቀዮቹ ናቸው... ጥልቁ ውስጥ መሆን የነበረባቸው ቀዮቹ። እልፍ ሆነው፣ ተደጋግፈው፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ሞልተው ተኝተዋል። አንዷም አትንቀሳቀስም።

የካፖርቱ ደረት ግን ከፍ ይላል...

ዝቅ ይላል...

ከፍ ይላል...

አካሉክ ተንበረከከ። እኔ መኖሬን ረስቷል። ፊቱን ወደ ቆቡ አስጠግቶ፣ ሰው እንደሚያናግር ሹክ አለ።

"ገመዱን ልቀቅ አልኩህ እኮ... ለመንኩህ... ይዘኸኝ ልትወርድ ነበር እኮ..."

ከሩቅ ነው ያየሁት ያለው ሰውዬ ነው ይሄን የሚለው።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ሰማሽ?"

በመካከላችን ቀዳዳው አለ። ዲጅኖው እጁ ላይ ነው።

"ምንም" አልኩ።

"ጎሽ።"

ካፖርቱን በዲጅኖው ገፍቶ ወደ ውኃው መለሰው። ድምፅ ሳያሰማ ሰመጠ። ስንመለስ ውሾቹ ሳይነዱ ሮጡ።

ቤት ስንደርስ አማቴ ጉስታ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጫማ ይጠግናሉ። አካሉክ ውሾቹን ሲያስር እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብርሃኑን። ካፖርቱን። ገመዱን። የተናገረውን። መርፌያቸው አንዴም አልቆመም።

"እማማ... ሰሙኝ?"

"ሰማሁሽ።"

"የገዛ ወንድሙን እኮ ነው።"

"የመጣ ዕለት ነው ያወቅኩት" አሉ ቀስ ብለው። "ዓይኔን አላየኝም። የወለድኩት አይደል እንዴ።"



"ለፖሊስ እደውላለሁ" አልኳቸው። "ከከተማ መጥተው..."

ያኔ መርፌያቸው ቆመ።

"አንዱን ባሕር ወሰደብኝ። የቀረኝን ደግሞ አንቺ ልትወስጂብኝ ነው?"

"እማማ..."

"ፀሐይ እስክትመለስ ማን ያበላናል? አንቺ ታድኛለሽ? ወይስ እኔ አሮጊቷ ልውጣ?" መርፌውን እንደገና ሰኩ። "ካፖርቱስ የታለ? ምን ልታሳዪያቸው ነው? በይ ተነሺ፣ ሥጋውን ክተፊ። ሲገባ ይርበዋል።"

ተነስቼ ከተፍኩ።

ገብቶ በላ። እኛም በላን። ይበልጥ ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሥጋው ይጣፍጥ ነበር።

ጨለማው እንዲህ አለፈ። ጥር ሊያልቅ ሲል ፀሐይ ብቅ አለች። የመንደሩ ሰው የአካሉክን ደግነት አይቶ አዲስ ጠመንጃ ሸለመው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ። አማቴ አጠገቤ ቆመው እጄን እያዩ ነበር።

ግንቦት ሲገባ በረዶው ሳሳ። ባሕሩ በየስንጥቁ ቀላ ብሎ ታየ። ቀዮቹ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ወደ ላይ ወጥተዋል ማለት ነው... በጊዜያቸው፣ እንደ ደንባቸው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ነን። ሦስታችን ብቻ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛውን አጥለቅልቃዋለች። አካሉክ ደስ ብሎታል።

"ቴክላ እኮ ወዝ አወጣች" አለ እናቱን እያየ። "ማን አበላሽ በያት እንጂ።"

አማቴ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም።

እሱ ሳቀ። ሲስቅ ትን አለው።

ሳል ጀመረው። ረጅም፣ እርጥብ ሳል... ውኃ የጠጣ ሰው ሳል። መዳፉን አፉ ላይ አደረገ። ሳሉ ሲያባራለት መዳፉን አየ።

"አጥንት ነው" አለ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጠረገውና ማንኪያውን አነሳ።

አጥንት አልነበረም።

የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ቀይ ናት። እርጥብ ናት... ሆዷ ውስጥ የስብ ጠብታ ያበራል። በሕይወት አለች። በጠረጴዛው ላይ እየተፈናጠረች ወደ ፀሐይዋ መሄድ ጀመረች።

እንደገና ሳለ። አጎንብሶ መብላቱን ቀጠለ።

አማቴን አየኋቸው። ያያሉ። ምን ሆንክ ብለው ግን አልጠየቁትም። ክንዳቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ፤ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው መዳፋቸውን በላይዋ ላይ በስሱ አኖሩ።

ከዚያ አጎነበሱ። አካሉክ እንዳይሰማቸው... ከንፈራቸውን እጃቸው ላይ ሊያስነኩ እስኪደርሱ ድረስ።

"ገና ነው ልጄ..." አሉ ባሕር ለወሰደባቸው ልጅ። "ተኛ።"