የሐሙሱ ጥቅል

ሀቢቡ ከጓሮው ደረጃ ግርጌ፣ ፊቱን ሲሚንቶው ላይ ደፍቶ፣ አንድ ጫማው እርከኑ ላይ ቀርቶ ተገኘ። ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። የወልቂጤ ሰማይ ዝናብ አዝሎ ጠቁሯል። አጥሩ ሥር ያለው ወፍጮ ግን ምንም እንዳልሆነ ያጓራል።

ዋና ሳጅን ዱባለ አጎንብሶ የሟቹን አንገት አየ። እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ሰንበር አለበት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ አዛዡ ከኋላው ቆሞ። በዕድሜ የዱባለ ልጅ የሚሆን፣ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ ቢሮው የሰቀለ ሰው ነው። «ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር። ደረጃው መስኮት የለውም። በጨለማ ሲወርድ ወደቀ። ፋኖስ ማኖር የዘበኛው ሥራ ነበር፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«አንገቱ ላይ ግን . . .»

«ሳጅን፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሕክምናም ያስተምሩ ነበር እንዴ?»

ዱባለ ሰንበሩን ደብተሩ ላይ መዘገበ። ያሠለጠናቸው ልጆች እየዘለሉት ሲሾሙም እንዲሁ ሥራውን እየሠራ ነው የኖረው። ጥፋት እንደ ጎርፍ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ ታች ያለው ገብሬ ነበር፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው ዘበኛ፣ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል።

ፎቁ ላይ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ቤት በሦስት ሰው ይተዳደር ነበር። ሀቢቡ ለጤና ጣቢያዎች የበሽተኛ ካርድ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ይሠራል፣ ይጠቀልላል። አዳነ እየዞረ ይጭናል። ማርታ ታች በአስፋልቱ በኩል ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። መብራት ሲጠፋ ቤቷ ሄዳ እንደነበር፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ተመለሰች ጎረቤት መሰከረላት።

ዱባለ መጠቅለል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት።

«ፕሮግራሙ ያለቀ ነው፣ ጋሼ። ግን እንዲሁ አይሰጥም። የወልቂጤ ኮምፒውተሮች ኡቡንቱ ናቸው፤ በእርዳታ የመጡት የቡታጅራዎቹ ደግሞ ፌዶራ። ሁለቱም ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ማስኬጃ ዓይነት ቢሆኑም አንዱ የሌላውን ጥቅል አይቀበልም። ሀቢቡ ያንኑ ዕቃ ለየራሳቸው እንደየደንባቸው ያስረዋል።»

ይህን ለመረዳት ዱባለ ዲግሪ አላስፈለገውም። በልጅነቱ ከቸሃ መርካቶ ገብቶ ጨርቅ ያስር ነበር። ያው ጨርቅ ለመኪና ሌላ አስተሳሰር፣ ለአህያ ሌላ አስተሳሰር አለው። በየጥቅሉም ውስጥ ማን እንዳሰረው የምትናገር ብጣሽ ወረቀት ትገባ ነበር።

«ወረቀትስ ያስገባበታል?»

ማርታ ቀና ብላ አየችው። «ያስገባል። ምን እንደ ለወጠ፣ ለምን እንደ ለወጠ ሁሌ ይጽፍበታል። አዳነ ‹ለማን ነው ደብዳቤ የምትጽፈው?› እያለ ይስቅበት ነበር።»

«አንገቱ ላይስ ምን ያንጠለጥላል?»

«ፍላሹን። በጥቁር ክር። ተኝቶም አያወልቀውም።»

ሬሳው ላይ ፍላሽ አልነበረም። ማርታ በሩን ገልመጥ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። አዳነ ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ ለትልልቅ ሰዎች ነግሮ፣ አዲስ አበባ ሥራ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። የሀቢቡ ስም ግን ፕሮግራሙ ላይ ነበረ። በዚህ የተነሣ ሰሞኑን ተኮራርፈው ነበር።

አዳነ ቡታጅራ ነበር። አመሻሽ ላይ ዱባለ አዛዡ ፊት ደወለለት፤ መልሱንም ጻፈ። በሚኒባስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከወልቂጤ መነሣቱን፣ የቡታጅራው ጥቅል ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ፣ ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ሄዶ መጫኑን ተናገረ። የሀቢቡን ሞት ሲሰማ ስልኩ ውስጥ አለቀሰ።

ዱባለ ወደ ገብሬ ተመለሰ። «ጋሼ ገብሬ፣ ከበሩ አልተነሣሁም ብለዋል። ጫማዎ ላይ ያለው ዱቄትስ?»

ሽማግሌው እግሩን ሰበሰበ። «አምስት ሰዓት መብራት ሲመጣ፣ ወረፋ ሳይበዛ ብዬ በቆሎዬን ይዤ ወፍጮ ቤት ሮጥሁ። ስመለስ ስድስት አልፏል። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ነው የዋሸሁ።»

«ከሥራ መባረር ፈርተው ወህኒ ሊወርዱ» አለ ዱባለ። ቁጣው በሽማግሌው ላይ አልነበረም።

የሀቢቡ ቤተሰቦች የቡታጅራ ሰዎች ናቸው። ሬሳው በዚያው ማታ ተወሰደ፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሊቀበር ነው። አዛዡም ለቀብር ስለሚሄድ፣ ዱባለ ሲለምነው፣ ገብሬ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ እስከ ጁምዓ ብቻ እንዲቆይ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ዱባለ ሁሉንም በቡታጅራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሰበሰባቸው። አዳነ ዓይኑ አብጧል። ገብሬ ካቴናውን በጋቢው ሸፍኗል። ከመስጊድ በኩል ሰው እየተሰበሰበ ነበር።

«ፈጠን በል» አለ አዛዡ።

ዱባለ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን ፈቲሀን ኮምፒውተሩን እንድትከፍት ጠየቃት። የፊቱ ገጽ ላይ ትልቅ ሆኖ የአዳነ ስም ወጣ። ከዚያ ማርታ ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ማስታወሻ የሚያወጣ አንድ መስመር ጻፈችና ያነበበችውን ጮክ ብላ ደገመችው፦

«የጠቀለለው፦ ሀቢቡ። ሐሙስ። መብራት በመሃል ሲጠፋ የተበላሸውን ትቼ፣ ሲመጣ እንደ አዲስ ጠቅልያለሁ።»

አዛዡ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ።

«መብራቱ የመጣው አምስት ሰዓት ነው» አለ ዱባለ። «ስለዚህ ሀቢቡ ከአምስት ሰዓት በኋላ በሕይወት ነበር፤ የደረጃው አምፖልም በርቶ ነበር። በጨለማ አልወደቀም። ጋሼ ገብሬም ባላጠፉት ነው የታሰሩት።» ወደ አዳነ ዞረ። «አንተ ሁለት ሰዓት ተነሥቻለሁ ያልከው ሰው፣ ከአምስት በኋላ የታሰረውን ጥቅል ከየት አገኘኸው?»

«በኢንተርኔት . . . ላከልኝ።»

«ከረቡዕ ጀምሮ ኪሴ ነበር ብለኸኛል። አዛዡም ሰምተዋል። ረቡዕ የነበረህ የወልቂጤው ጥቅል ነው፤ ይሄ ማሽን አይቀበለውም። ቡታጅራ ባዶ እጅህን መምጣት ስላልቻልክ ሐሙስ ለሁለተኛው ጥቅል ወደ ሀቢቡ ተመልሰህ ሄድክ። ዘበኛው ወፍጮ ቤት ነበር፤ የወፍጮው ድምፅ ጩኸቱን ዋጠው። ፈቲሀ፣ ሲጭን ፍላሹን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ» አለች ልጅቷ። «ጥቁር ክር አለው። ተበጥሶ የተቋጠረ።»

የአዳነ እጅ ወደ ኪሱ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። ዱባለ ፍላሹን ከክሩ ጋር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ስሙን ከፕሮግራሙ ላይ እንዲያነሣልኝ ለመንሁት» አለ አዳነ። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊወርድ ሲል ክሩን ያዝሁ። ያዝሁ ብቻ።»

«የፊቱን ስም ለወጥክ» አለ ዱባለ። «መጫን እንጂ መጠቅለል አታውቅም። የጠቀለለው ሰው ውስጥ አለ።»

ገብሬ ካቴናው ሲፈታለት፣ አንጓውን እያሻሸ ለቀብሩ ወደተሰበሰበው ሰው ሄደ።

ሰኞ ዕለት የምርመራው ሪፖርት ወደ ዞኑ ሊላክ ተዘጋጀ። በአዛዡ ቆራጥ አመራር ወንጀሉ እንደ ተደረሰበት ይናገራል፤ ከሥሩ የአዛዡ ፊርማ አለ። የዱባለ ስም የለበትም። መዝገቡን አስሮ እንዲልክ ግን ለዱባለ ተሰጠው።

በሩን ዘጋ። ከደብተሩ ብጣሽ ወረቀት ቀደደና ጻፈባት፤ መሃል ካሉት ገጾች ውስጥም አስገባት። ከዚያ ክሩን እንደ መርካቶው ጊዜ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ጠበቅ አድርጎ አሰረው።

«የጠቀለለው፦ ዱባለ» ትላለች ወረቀቷ።