ከቮልሷ ሥር ያስወጣኝ ድምፅ

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ ከሚስቁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ሥራዬም ለመፍራት አይመችም፣ እዚህ ደብረ ታቦር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ስንቱ ቤት "ኧረ እዚህ ቤት የሆነ ነገር አለ፣ መብራቱ ብቻውን ይበራል፣ ብቻውን ይጠፋል" ተብዬ ተጠርቼ፣ ጠበሉ ተረጭቶ ካለቀ በኋላ ገብቼ፣ የላላ ሽቦ አጥብቄ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንዴማ ጣሪያ ላይ ይራመዳል የተባለውን ሰይጣን ፍለጋ ብወጣ ያገኘሁት የጎረቤት ድመት ነው፣ ያውም የወለደች። ስለዚህ ይህን ስታነቡ "ይኼ ሰውዬ ድሮም ፈሪ ነው" እንዳትሉኝ፣ የሆነውን እንደሆነው ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የመጣው በቮልስ ነው። እብናት ለአንድ ሰውዬ ቤት ሽቦ ልዘረጋ ሄጄ፣ ግቢው ጥግ ላይ ዶሮዎች ሲገቡበትና ሲወጡበት የነበረ አንድ ነገር አየሁ፣ ቀረብ ብዬ ሳየው መኪና ነው፣ ጎማ የላት፣ መስተዋት የላት፣ ወለሏን ዝገት በልቶት መሬቱ ይታያል፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ እኔን በክፉ ዓይን ታየኛለች። ሰውዬው አባቱ ይነዷት እንደነበርና እሳቸው ካረፉ ወዲህ ማንም እንዳልነካት ነገረኝ፣ እኔ ዓይኔን መንቀል ሲያቅተኝ ጊዜ ሳቀና "ከወደድሃት ውሰዳት፣ ለዶሮዎቹ ሌላ ቆጥ እሠራለሁ" አለኝ። በአይሱዙ ጭኜ አመጣኋት።

ባለቤቴ ትርንጎ የግቢውን በር ከፍታ ቆማ ሳወርዳት አየች።

"ይኸ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"መኪና ነው።"

"መኪናስ መኪና ነው፣ ይኸ ግን ምንድን ነው?"

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቅዳሜዬ ሁሉ የቮልሷ ሆነ፣ በሽቦ ብሩሽ ስፈትግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስሞርድ፣ ጸረ ዝገት ስቀባ፣ ልብሴም ፀጉሬም ቀይ አቧራ ሆኖ ትርንጎ "እንጀራው ሳይቀር ዝገት ዝገት ይለኛል" እስክትል ድረስ። ብየዳውን የሚሠሩልኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ በያጅ፣ በከተማው ውስጥ እንደሳቸው ላሜራ የሚያጥፍ ሰው የለም። እሳቸው አንድ ነገር ደጋግመው ይመክሩኝ ነበር፣ "በብሎኬት አታስደግፋት፣ እንጨት እንኳ ሲሰበር ይጮሃል፣ ብሎኬት ግን ሳይነግርህ ነው የሚፈርስ" ይሉኛል። ትርንጎ ደግሞ የመከረችኝ ሳይሆን ያስማለችኝ፣ ሰው ግቢ ውስጥ በሌለበት ከመኪናዋ ሥር እንዳልገባ ነው። ማልኩላት፣ ያውም በእናቴ።

ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ፣ የትርንጎ እህት ሐሙሲት ከተማ ወልዳ፣ ትርንጎ አራስ ልትጠይቅ ከዋዜማው ሄዳለች፣ እሑድ ነው የምትመለሰው። ጠዋቱን ዘነበ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጉና ተራራ በኩል ጉሙ ወርዶ ግቢውን ሞላው፣ መብራት ስለጠፋ የሰፈሩ ወፍጮ እንኳ ዝም ብሏል። እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሦስት ቀን ሙሉ ያሰብኳት አንዲት ብሎን አለች፣ ከወለሏ ሥር፣ ዝገት አጣብቋት እንቢ ያለችኝ፣ ዘይት አጠጥቼ አሳድሬያታለሁ፣ አሁን ብሞክራት ትፈታለች፣ አምስት ደቂቃ ነው፣ ማን ያየኛል ብዬ ተነሣሁ።

በክሪክ አነሣኋትና ሥሯ ምን እንደደረደርኩ ለመናገር አሁንም አፍራለሁ፣ ብሎኬት ነው። ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ገና ከመግባቴ ከላዬ፣ ከመኪናዋ ውስጥ፣ ጫር ጫር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ልክ ዶሮ መሬት ስትጭር የምታሰማው። እኛ ቤት ዶሮ የለም። ዝገት እየረገፈ ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ እንደገና ጫር ጫር አለና ቆመ፣ ከዚያ አንድ ነገር ለስለስ ብሎ ቁጢጥ እንዳለ ወንበሩ ሲጥ አለ፣ እኔ እንግዲህ እንዳልኳችሁ ለሁሉም ነገር ምክንያት የማላጣ ሰው ነኝ፣ እርጥበት ነው፣ ስፕሪንግ ነው፣ እያልኩ ለራሴ አስረዳለሁ። ብሎኗ ትንሽ ነቃነቅ አለች። በደስታ ትንፋሼን ያዝኩ።

"ሙሉጌታ!"

ትርንጎ ናት። ያልተጠራጠርኩትም ለዚህ ነው፣ ትርንጎ በደህናው ጊዜ "ሙሌ" ነው የምትለኝ፣ ሙሉ ስሜን የምትጠራው ጥፋት ላይ ስትይዘኝ ብቻ ነው፣ አሁን ደግሞ ጥፋት ላይ ነኝ፣ እግሬ ከመኪና ሥር ወጥቶ ይታያል፣ ድምፁ የመጣው ከእግሬ በኩል፣ ቢበዛ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ነው።

"አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ፣ አሁን ገና ነው የገባሁ!" እያልኩ እንደ ሌባ ተሳብኩና ወጣሁ፣ ስነሣ መፍቻውን ከኋላዬ ደብቄያለሁ፣ ምን እንደምላትም እያዘጋጀሁ ነበር።

ማንም የለም።

ቤቱን አየሁ፣ እንደዘጋሁት ነው። ዞሬ የግቢውን በር አየሁ፣ መወርወሪያው ከውስጥ እንደተወረወረ ነው። እንግዲያው ከውጭ ቆማ ነው የጠራችኝ ብዬ ሄጄ ከፈትኩ፣ መንገዱ ላይ ጉም ብቻ፣ ጭቃው ላይ አንድም የእግር ዱካ የለም። "ትርንጎ!" አልኩ። እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ ነው ከኋላዬ ጓ! ያለው፣ መሬቱ ሲርድ በጫማዬ ሥር ተሰማኝ።

ስዞር ቮልሷ ተቀምጣለች። ብሎኬቶቹ ዱቄት ሆነዋል፣ የወለሏ ብረት ጭቃው ውስጥ አራት ጣት ያህል ገብቷል፣ የተኛሁበት ካርቶን ጫፉ ብቻ ይታያል፣ ልሳበው ብል እጄ ላይ ተቀደደ። ደረቴ የነበረው እዚያ ነው። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ እጄን እግሬን እየነካካሁ ተመስገን፣ ተመስገን እላለሁ፣ በሕይወቴ የዚያን ዕለት ያህል ጣቶቼን ወድጃቸው አላውቅም።

ስልኩን አውጥቼ ደወልኩላት። ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል።

"የት ነሽ?"

"የት እሆናለሁ? አራስ ቤት ገንፎ እያገነፋሁ ነዋ። ድምጥህ ምን ሆኗል?"

"ምንም። አሁን... አልጠራሽኝም?"

"ከሐሙሲት?" ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ቆመና "ከመኪናዋ ሥር ገብተህ ነበር?" አለችኝ።

"አልገባሁም።"

ውሸት ነው፣ ግን በዚያች ሰዓት እውነት አይወጣኝም ነበር። ስትመለስ የተቀደደውን ካርቶን አይታ ሁሉንም አወቀች፣ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ በሦስተኛው ቀን አቅፋኝ አለቀሰች፣ እንዴት እንደወጣሁ ስትጠይቀኝ ግን በር የተንኳኳ መስሎኝ ነው አልኳት።

እውነቱን የነገርኩት ለጋሽ ሰይድ ነው። መኪናዋ የወደቀች ዕለት ትልቁን ክሪካቸውን ይዘው መጡ፣ ብሎኬቱን አይተው ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም፣ ድምፁን ሳወራላቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ።

"ስንተኛው ላይ ነው አቤት ያልኸው?"

"እንዴት ማለት?"

"ስንቴ ስትጠራህ ነው የመለስህላት?"

"በመጀመሪያው ነዋ።"

 እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩና "አባቶቻችን፣ የእኛም የእናንተም፣ የጠሪውን ፊት ካላየህ እስከ ሦስት ሳትጠራ አቤት አትበል ይሉ ነበር፣ ሰው ያልሆነ ነገር ሦስት ጊዜ አይጠራም" አሉኝ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ሦስተኛውን ብጠብቅ ኖሮ እኮ አሁን አንቱ የሚመጡት ለክሪክ ሳይሆን ለቀብሬ ነበር!"

"እሱስ ወላሂ እውነት ነው" ብለው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ደስታዬ አልለቀቀኝም ነበር። "አላህ ካወጣህ እኔ ምን እላለሁ?" አሉ፣ ቮልሷን አንሥተን ከሥሯ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አስገባን። ሊሄዱ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። "ለባለቤትህ ግን ንገራት። የእሷን ድምጥ ያወቀ ያንተንም አያጣውም።"

አልነገርኳትም። ምን ብዬ? በስንት መከራ ልቧ የረጋላትን ሴት ደግሞ ላስፈራ?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና፣ ወለሉ አለቀ፣ ቀለም ተቀባች፣ ትርንጎ በመረጠችው ቀለም፣ የሰማይ የመሰለ፣ መስከረም ሲጠባ ሞተሯ ተነሣ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ እልል አለ፣ እኔም ያንን ድምፅ ሳስብ ማንም ይሁን ማን እግዜር ይስጠው ማለት ጀመርኩ። ሰው ነፍሱ ስትተርፍለት ያተረፈውን ማንነት አይመረምርም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሰንበት፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከኋላ ኮፈኗን ከፍቼ ሞተሩ ላይ አጎንብሻለሁ፣ ሁለቱ እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ ትናንሾቹን ብሎኖች በከንፈሬ ይዣቸዋለሁ፣ አራት ናቸው። ትርንጎ ከወጥ ቤት እጇን እያደረቀች ወጣች።

"አቤት! አቤት አልሁህ እኮ፣ አትሰማም? ምን ፈለግህ?"

እኔ አልጠራኋትም፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እጄ ላይ ተፋኋቸው። ጊዜ ለመግዛት ነው፣ እውነቴን ነው።

"ስንቴ ጠራሁሽ?" አልኳት።

"አንዴ ነዋ! ስንቴ ልትጠራኝ ኖሯል?"

ፊቷን አየሁት፣ ደህና ናት፣ ፀሐዩ ላይ ቆማ ትስቃለች። ወደ ወጥ ቤት እንድትመለስ አልፈለግኩም። "እንሂድ" አልኳት፣ "ግቢ፣ እስከ ጋፋት ነድቼ ልመልስሽ።" ወጥ ጥጃለሁ አለች፣ አጠፋዋለሁ ብዬ ራሴ ገባሁ፣ ግድግዳውን አየሁ፣ ጣሪያውን አየሁ፣ ምድጃውን አጥፍቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። ምንም አላየሁም፣ ሽንኩርት ነው የሚሸተው።

ጋፋት መንገድ ላይ መስኮቱን ከፍታ፣ ነጠላዋ በነፋሱ እየተርገበገበ፣ እንደዚያን ቀን ስትደሰት አይቻት አላውቅም። እኔም ፍርሃቴ በግማሹ ለቀቀኝ፣ ያለችው አጠገቤ ነው፣ አያታለሁ።

"ሙሌ" አለችኝ፣ "ቅድም ስትጠራኝ ድምጥህ እንዴት ደስ ይል ነበር! ድሮ ገና ሳንጋባ በአጥር በኩል ስትጠራኝ እንደነበረው ነው። ሁልጊዜ እንዲያ አድርገህ ጥራኝ፣ የትም ብሆን እመጣለሁ።"

እሺ አልኳት።