ላብ የማያውቃት

«በቃኝ። ነገ አልመጣም፤ ለኮች አንቺው ንገሪልኝ» አለች ጉንዳን፣ ራኬቷን ቦርሳዋ ውስጥ እየወተፈች።

መብረቅ የጫማዋን ክር መፍታት ትታ ቀና አለች። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«ምን ማለትሽ ነው? ነገ እኮ ነው እንግዳዋ የምትመጣው!»

«ለዚያ ነው የማልመጣው።»

እንግዳዋ በወጣትነቷ ፕሮፌሽናል ቴኒስ እየተጫወተች ዓለምን የዞረች፣ አሁን ደግሞ ታዳጊዎችን ለዚያው የምታዘጋጅ አሰልጣኝ ናት። ነገ ቅዳሜ ጠዋት ክለቡ ድረስ መጥታ ከሴቶቹ አንዷን፣ አንዷን ብቻ፣ መርጣ ወደ ማሰልጠኛዋ ትወስዳለች። ያቺ አንዷ ደግሞ ከመብረቅና ከጉንዳን እንደማታልፍ የክለቡ ዘበኛ እንኳ ያውቃል። መብረቅን መብረቅ ያላት የክለቡ አሰልጣኝ ነው፤ ኳሷ ከእጇ ሲወጣ አይታይም ብሎ። ጉንዳንን ጉንዳን ያሏት ግን ልጆቹ ናቸው፤ ጠዋት ማታ ስትለፋ ስለሚያዩዋት። የቱ ስም ሙገሳ፣ የቱ ፉገራ እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

«ዛሬ ስለተሸነፍሽ ነው አይደል? አቦ ተይ፣ የልምምድ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ዛሬ ብቻ ነው እንዴ?» ጉንዳን የቦርሳዋን ዚፕ ጎተተች፤ ዚፑ ያዘ፤ በንዴት መነጨቀችው። «እኔ ከሁሉም ቀድሜ መጥቼ ከሁሉም ኋላ እወጣለሁ። እማዬ ማሊያዬን ስትጨምቀው ‹ወንዝ ገብተሽ ነው እንዴ?› ትለኛለች። አንቺ ደግሞ አርፍደሽ፣ እያዛጋሽ ትመጪና እየሳቅሽ ታሸንፊኛለሽ። የሌለኝን ነገር ከየት ላምጣው? አልተሰጠኝማ!»

እውነቱን ለመናገር፣ መብረቅን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ጉንዳን ካልመጣች ቦታው የእሷ ነው፤ ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው። ወዲያው ግን ጓደኛዋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ አየችና ደስታው ጠፋ።

«እሺ» አለች።

ጉንዳን «ተይ፣ አትቅሪ» እስክትባል የምትጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ይኼ የመብረቅ ተሰጥኦ የተባለው ነገር ከሥሩ ውሸት ነበር።

መብረቅ መጀመሪያ ወደ ክለቡ የመጣች ቀን አሰልጣኙ «ከዚህ በፊት ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «ኧረ በጭራሽ! ራኬት ስይዝ ዛሬ ገና ነው» አለችው። ለምን እንደዚያ እንዳለች እስከ ዛሬ አይገባትም። ምናልባት ቢያቅተኝ አይስቁብኝም ብላ ይሆናል። አባቷ የፍራሽ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ከመጋዘኑ ጀርባ መስኮት የሌለው ረጅም ግድግዳ አለ፤ እሷ ደግሞ በአሮጌ ራኬት ያንን ግድግዳ ስትደበድብ ዓመት አልፏት ነበር። ታዲያ ሜዳ ገብታ ኳስ ስትመታ አሰልጣኙ አፉን ይዞ ቀረ። «ይኼ ተፈጥሮ ነው! ይኼን ማንም አያስተምረውም!» ብሎ የሌላውን ሜዳ ልጆች ሳይቀር ጠርቶ አሳያቸው። ያኔ «ኧረ ትንሽ ተለማምጃለሁ» ማለት ትችል ነበር። ግን ሁሉም አፋቸውን ከፍተው እያዩዋት ነበር፤ በሕይወቷ እንደዚያ ታይታ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ውሸቱን መቀለብ የዘወትር ሥራዋ ሆነ። ጠዋት ጠዋት፣ ጫኝና አውራጆቹ ሳይመጡ፣ ግድግዳው ላይ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ ትመታለች። ከዚያ ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ ሆን ብላ አርፍዳ ክለብ ትደርሳለች። ሌሎቹ ተጨማሪ ልምምድ ሲያደርጉ እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ማስቲካ ታኝካለች። «መዳፍሽ ምን ሆኖ ነው የቆሰለው?» ሲሏት «ሰሃን ሳጥብ» ትላለች። «ላብ የማያውቃት» ይሏታል፤ ስትሰማው ደስ ይላታል፤ ማታ ደግሞ ክንዷን በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፍ ያንኑ ስም ትጠላዋለች።

ከሁሉ የባሰው ግን አሰልጣኙ እሷን አለማረሙ ነው። ጉንዳንን «ትከሻሽን አዙሪ! ጉልበትሽን እጠፊ!» እያለ ቀኑን ሙሉ ይጨቀጭቃታል። መብረቅ ጋ ሲደርስ እጁን አጣምሮ ፈገግ ይላል። «ተፈጥሮን መነካካት ማበላሸት ነው» የሚል ጽኑ እምነት አለው። የመብረቅ ሰርቪስ፣ ጨዋታ የምትከፍትበት ምት፣ ደግሞ ከጥቂት ወራት ወዲህ መረቡ ላይ እየቀረ አስቸግሯታል። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ግድግዳ መረብ የለው፣ አፍ የለው። ሰው እንዳትጠይቅ ደግሞ «ተፈጥሮ» የተባለ ሰው አይጠይቅም። ጉንዳን ስትጨቀጨቅ እያየች የምትቀናበት ቀን ብዙ ነው።

ከክለቡ ስትወጣ ቤት መሄድ አልቻለችም። አውቶቡስ ጠብቃ ሳትሳፈር ተወችው፤ ስልኳን አውጥታ ሳትደውል መልሳ ከተተችው። በመጨረሻ ራሷን መጋዘኑ በር ላይ አገኘችው።

አባቷ ግራጫ ጋወኑን ለብሶ የተጠቀለለ ፍራሽ በገመድ ያስራል። ሲያያት ፊቱ በራ።

«የኔ ልጅ! ለነገ ተዘጋጀሽ? ያቺ ጓደኛሽስ?»

«ተወችው። አልተሰጠኝም ብላ።»

አባቷ ከልቡ ሳቀ። «ለአንቺስ ማን ሰጠሽ? የዚህን መጋዘን ቀለም ጠዋት ጠዋት እየደበደብሽ ያረገፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? አልነገርሻትም?»

ከገመዱ ላይ የወጣ ክር መምዘዝ ጀመረች።

«አልነገርሻትም?»

«ለማንም አልነገርኩም፣ አባዬ።»

ገመዱን ለቀቀው። ፍራሹ ቀስ እያለ ተፍታታና እግሩ ሥር ተዘረጋ። «በመጋዘኑ አፍረሽ ነው?» አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ «ወይስ በእኔ?»

«ኧረ አባዬ! ሞቼ ልገኝ!» እንባዋ መጣ። «ከአንተ ጋ ምን አገናኘው? ሳልለፋ የምችል ሲመስላቸው እንደ ልዩ ሰው ነው የሚያዩኝ። ለፍቼ ከሆነማ እንደ ማንም ነኝ።»

«ጋሼ፣ ይኼኛው የት ይግባ?» ሲል አንዱ ጫኝ ከመኪናው ላይ ተጣራ።

«መጣሁ» አለ አባቷ። ጎንበስ ብሎ ፍራሹን መጠቅለል ጀመረና ቀና ሳይል «እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ነበር የማወራው» አለ። «‹ልጄ ከእኔ ቀድማ ነው ሥራ የምትገባው› እያልኩ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ፍራሹን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ሲሄድ እሷ ወደ ጉንዳን ቤት መንገድ ጀመረች።

የጉንዳን እናት ፀጉር ቤት ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ነው። መብረቅ ስትገባ ጉንዳን የአንዲት ወፍራም ደንበኛ ፀጉር ታጥባለች። እናትየው የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ እየጠረጉ ነበር።

«ነይ ግቢ የኔ ልጅ!» አሉ። «እስቲ አንቺ ምስክር ሁኚ። ይኼ ቴኒስ ላንቺ አይደለም፣ ትምህርትሽን ያዢ ስላት ዛሬ ገና ሰማችኝ።»

«እትዬ፣ አይደለም፤ እኔ…» መብረቅ ወደ ጉንዳን ዞረች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ብን ብሎ ጠፋ። «ስሚ። እለማመዳለሁ።»

«ምኑን?» አለች ጉንዳን ቀና ሳትል።

«ቴኒስ ነዋ። ጠዋት ጠዋት፣ አባዬ መጋዘን ግድግዳ ላይ። ክለብ ከመምጣቴ በፊትም ዓመት ሙሉ ተለማምጃለሁ። ዛሬም ነበርኩ። ሳዛጋ የምታዪው እኮ የምሬን እንቅልፌ መጥቶ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ነው የምነሳው።»

የጉንዳን እጅ ቆመ። «ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

መብረቅ መዳፏን ዘረጋች።

«ሰሃን ነው ያልሽኝ!»

«እኛ ቤት ሰሃን የሚያጥበው ወንድሜ ነው።»

ጉንዳን ፀጉሩን ማሸት ቀጠለች። በጣም ማሸት ቀጠለች።

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ፣ ራሴን ልትነቅይው ነው!» አሉ ደንበኛዋ።

«እኔ እኮ…» አለች ጉንዳን። «እኔ እኮ ‹ለእሷ ሰጥተህ ለእኔ ለምን ነሳኸኝ?› እያልኩ ከፈጣሪ ጋር ስጣላ ነው የከረምኩት። ራሴን ጠላሁ እኮ! አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ማስቲካሽን ታኝኪያለሽ!»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈርቼ ነው። ነገ ነይ፣ በናትሽ።»

«ውጪልኝ።»

«ባትመጪ እኔ…»

«ውጪልኝ አልኩሽ!»

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሳሙናው ዓይኔ ገባ!» ብለው ደንበኛዋ ጮኹ፤ እናትየው ፎጣ ይዘው ሮጡ። መብረቅ በዚያ ግርግር መሃል ወጣች።

እውነቱን ስናገር ይቀለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም። እንዲያውም አሁን ሁሉም ነገር ከእጇ ሊያመልጥ ይችላል፤ ጉንዳንም፣ ስሙም፣ ቦታውም። ሠፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ መጋዘኑ አልሄደችም። በቀጥታ ክለብ ሄዳ የብረቱን በር ስታንኳኳ ዘበኛው ዓይኑን እያሸ ከፈተላት። «ዛሬ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች እንዴ?» አላት።

የኳሱን ቅርጫት እየጎተተች ከሁሉም ፊት ወደሚታየው መሃለኛው ሜዳ ገባች። የመጀመሪያው ሰርቪስ መረቡ ላይ ቀረ። ሁለተኛውም። ጥቂት አለፉ፤ ከዚያ ደግሞ መረብ፣ አሁንም መረብ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ አጥሩን ተደግፈው መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዱ ስልኩን አወጣ። «ላብ የማያውቃት አላባት እኮ!» ሲል ሰማችው፤ ሳቁም ተከተለ። ጆሮዋ ጋለ፣ ግን እጇ አላቆመም።

አሰልጣኙ እየሮጠ መጣ። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ዛሬ ራስሽን ታደክሚያለሽ እንዴ? አንቺ ተፈጥሮሽን ብቻ ተጫወቺ!»

«ኮች፣ እኔ ሁልጊዜ ጠዋት ግድግዳ ላይ እለማመዳለሁ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊትም ተለማምጃለሁ። የዚያን ቀን ዋሽቼህ ነው።»

አሰልጣኙ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። «ለእንግዳዋ እኮ ‹ልምምድ የማያስፈልጋት ልጅ አለችኝ› ብዬ ነው የነገርኳት!»

«ሰርቪሴ ለምንድን ነው መረብ ላይ የሚቀረው?»

«ሰርቪስሽ?» ግራ ተጋባ። «እኔ እንጃ። እንደዚያ ብዬ አይቼው አላውቅም።»

«ኳሷን ሳትመቺያት ዓይንሽን ታወርጃለሽ» አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ በኩል።

ጉንዳን ነበረች። ዚፑ የተበጠሰውን ቦርሳ በገመድ አስራ ትከሻዋ ላይ አንግታለች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች አንቺ አንገትሽን ዝቅ አድርገሽ ወደ አጥሩ ታያለሽ» አለች። «ማን እንደሚያይሽ ለማየት።»

አጥሩ ላይ የነበረው ሳቅ ቆመ። መብረቅ ራኬቷን ዝቅ አደረገች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከጀመረሽ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልጠየቀቻትም። «አሁን ጠየቅኩሽ» አለች መብረቅ። «አሳዪኝ።»

«ካሸነፍኩሽ በኋላ» አለች ጉንዳን። ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር አልነበረም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና የጫማዋን ክር ጥብቅ አድርጋ ማሰር ጀመረች።

በዚያው ቅጽበት ከበሩ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። «መጣች! መጣች!» እያሉ ልጆቹ ተንጫጩ፤ አሰልጣኙ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ በሩ ሮጠ። ነጭ ሹራብ የለበሰች ረጅም ሴት ከመኪናው ወርዳ ወደ ሜዳው መምጣት ጀመረች።

የመብረቅ ማሊያ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል፤ ላቡ በቅንድቧ በኩል ወደ ዓይኗ ይወርዳል። ፊቷን ጠርጋ እንደ ወትሮው አግዳሚው ላይ ለመቀመጥ ጊዜ ነበራት። እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ሰደደችና ሌላ ኳስ አነሳች።