መውጫ የሌለው ቦይ

በኦኩሚ መንደር ሩዝ ከመተከሉ በፊት ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣና የመስኖ ቦይ ይጠርጋል። የቀረ ሰው ዓመቱን ሙሉ ስሙ በክፉ ይነሳል። ጭቃውን ያወጣሉ፤ ጭቃው ውስጥ የተገኘውን ዓሣና ቀንድ አውጣ መልሰው ውሃ ውስጥ ይለቃሉ።

ዘንድሮ ግን የሚጠረግ ጭቃ አልነበረም። የመስኖ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ካንጂሮ ቦዩን ግራ ቀኙንም ወለሉንም ኮንክሪት አልብሶታል። "ውሃው ይፈሳል፣ ወገባችን ያርፋል፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?" ሲል ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ለወገቡ የማያዝን ማን አለ!

አሮጊቷ ሱሚኖ ግን ቦዩ ውስጥ ያየችው ነገር አንጀቷን አቃጠለው። ከኮረብታው ወደ ማሳ የሚወርዱ እንቁራሪቶች ቦዩ ውስጥ ይወድቃሉ። ልሙጡን ግድግዳ ይቧጥጣሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ በመጨረሻ ደክመው ይሞታሉ። የሞቱትን በባልዲ ለቀመችና የተከላው ማብቂያ ድግስ ወደሚበላበትና ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ ወደሚጠጣበት አዳራሽ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ገባች።

"እትዬ ሱሚኖ፣ ለሳኬው ማባያ አመጡልን?" አለ ካንጂሮ።

ባልዲውን ገበታው ላይ ገለበጠችው። "እንካ፣ ብላ! የገደልከው አንተ ነህ!"

"ኧረ በስማም... እትዬ፣ ቦይ እኮ የውሃ መንገድ ነው፤ የእንቁራሪት ሆቴል አይደለም።"

"ታዲያ የሩዙን ተባይ ማን ይብላልህ? አንተ ትለቅመዋለህ?"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሷም ጥላቸው ወጣች።

ሩዙ ሊያሸት ሲል የአገዳውን ፈሳሽ የሚመጥ ተባይ ወረደበት። የሚበላው እንቁራሪት አልነበረምና እንደ ልቡ ተራባ፤ ማሳው እዚህም እዚያም እሳት የበላው መሰለ። የካንጂሮ ማሳ ተቃጠለ። የሱሚኖም አልቀረላትም። ያስጠነቀቀችውም የሳቀባትም እኩል ከሰሩ፤ ከዚህ የባሰ ምን ግፍ አለ?

ካንጂሮ አንገቱን ደፍቶ ደጇ ቆመ። "ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።"

"የእኔ ይቅርታ ሩዝ ያበቅላል? መዶሻህን አምጣ!"

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቅጠሉን የምንፈልገው ግን ሁልጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ቦይ ሠርታችሁ ስትመርቁ፣ ገብቶበት መውጣት የሚያቅተው ፍጡር እንዳለ ጠይቁ። ያ ፍጡር ሳይከፈለው ማሳችሁን የሚጠብቅ ነው።

ካንጂሮ ግድግዳውን እየሰበረ፣ እንቁራሪት የሚወጣበት የድንጋይ ተዳፋት መሥራት ጀመረ። ላቡን ጠርጎ ቀና አለ።

"እትዬ፣ ይመለሳሉ ብለው ያስባሉ?"

"የገደልካቸው አይመለሱም" አለች ሱሚኖ፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም። "ምን ትገተራለህ? ምታ!"