የግራው ሽፋን

ቅዳሜ ጠዋት በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ ሥራ እንደ ወትሮው ተጀመረ። አውቶቡሶቹ ሠራተኞችን አራግፈው ተመለሱ። ፎርማኑ ኢስሀቅ የፋይበርግላስ ወርክሾፑን በጓሮ በር ከፍቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገባ። ማብሪያውን ተጫነ፣ ወደ መሥሪያ ክፍሉ የሚያስገባውን የውስጥ በር መቀርቀሪያ ሳበና ጮኸ።

የወርክሾፑ ሠራተኛ አገኘሁ በሩ ሥር ወድቆ ሞቷል። ከጎኑ የካፊላቸው፣ የአሠሪያቸው የአቡ ሷሊህ አሮጌ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ለዛገው ቆርቆሮ ምትክ፣ ፀሐይም ጨውም የማይበላው ሽፋን አገኘሁ በፋይበርግላስ፣ ማለትም በመስታወት ጨርቅና በሬዚን ማጣበቂያ፣ እየሠራለት ነበር። የታንኩና የቀኙ ጎን ሽፋኖች አልቀዋል፤ የግራው ቅርጽ ማውጫው ላይ ግማሽ ሆኖ ቀርቷል።

ካፊሉ የፋብሪካውን የደኅንነት ተቆጣጣሪ ገመዳን አስጠራ። ገመዳ አገር ቤት ሳለ የፖሊስ መርማሪ ነበር።

«አስም ያለበት ሰው ነው፤ የሬዚኑ ሽታ ገደለው» አለ አቡ ሷሊህ። «አየር ሳቢው ቬንቲሌተር ቆሟል ማለት ነው። ጥገናው የሱራፌል ሥራ ነው፤ ተጣልተውም ነበር። ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ይዤበታለሁ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ለፖሊስ እሰጠዋለሁ። ኸላስ!»

«እስከ ሶላቱ ይታገሡኝ። አርብ ዕለት እዚህ የመጣ ሰው ነበር?»

«እኔ ራሴ መጥቻለሁ። ሞተሬን ልይ ብዬ የፊት ለፊቱን የብረት መዝጊያ በጡጫ ደበደብኩ። ማፊ! ማንም የለም።»

ኤሌክትሪሺያኑ ሱራፌል ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሽ ገመዳ፣ የገዳዩን ፊት ሊያዩ መጡ?»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በቬንቲሌተሩ። እንደ አህያ ያናፋል፣ ጩኸቱን ላጥፋልህ አልኩት። ‹ተወው፣ ይጩህ› አለ። ‹ከሚስትህ ድምፅ ይሻልሃል?› ብዬ ቀለድኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነሳኝ።» ፈገግታው ጠፋ። «ሳንታረቅ ሞተ እኮ።»

ኢስሀቅ አርብን አል ኮበር ከተማ፣ ባሕር ዳሩ ኮርኒሽ ላይ እንዳሳለፈ ተናገረ። ሲናገር ግንባሩን ያክክ ነበር።

የሟቹ ሚስት ትርሐስ በሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራ የተማረች ሴት ናት። አርብ ዕለት አል ባዲያ ሰፈር ካለው ቤታቸው አልወጣሁም አለች። «ሬዚኑ እስኪደርቅ አንዳንዴ እዚያው ያድራል። ስለዚህ የት ቀረ ብዬ አልጠየቅሁም።» ከሻሿ በታች ግንባሯ ቀይ ሽፍታ አውጥቷል።

«ምን ነካዎት?»

«ልብሱን ሳጥብ ነው። የመስታወቱ ብናኝ ያሳክካል።»

ገመዳ ወደ ወርክሾፑ ተመልሶ ሽፋኖቹ ላይ ጎንበስ አለ። ከዚያ የበሩን እንጨት ለረጅም ጊዜ አየው። የግምጃ ቤቱን ማብሪያ አጠፋ፣ አበራ። በመጨረሻም ኢስሀቅን፣ ትርሐስንና ሱራፌልን እዚያው ግምጃ ቤት ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ቬንቲሌተሩ አልተበላሸም» አለ። «የቀኙ ሽፋን ላይ የተጣበቀው ብናኝ ሁሉ እንደተበጠረ ፀጉር ወደ ቬንቲሌተሩ ተኝቷል። የግራው ላይ ግን እንዲሁ ተበትኗል። እየሠራ ሳለ ቆመበት ማለት ነው። ያ ማብሪያ የዚህን ክፍል አምፖል ብቻ ሳይሆን ቬንቲሌተሩንና በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን የብረት መዝጊያም ይዟል፤ ሲጠፋ አገኘሁ አየርም መውጫም አጣ። ያጠፋው ሰው እዚህ ነበር፤ የፈለገው ጨለማ ነው።»

ገመዳ ወደ ኢስሀቅና ወደ ትርሐስ ዞረ።

«ልብስ ያጠበ ሰው እጁን ያሳክከዋል እንጂ ግንባሩን አይደለም። እናንተ ሁለታችሁ እዚህ ተንበርክካችሁ፣ ድምፃችሁ እንዳይወጣ ፊታችሁን በዚያ የመስታወት ጨርቅ ጥቅል ላይ ደፍታችሁ፣ እዚህ አገር የተከለከለውን የክርስቲያን ጸሎት በድብቅ ጸልያችኋል። አገኘሁም ለዚህ ነው ‹ይጩህ› ያለው። ጩኸቱ ዝማሬያችሁን ይሸፍን ነበር።»

«እሱ አይዘምርም ነበር» አለ ኢስሀቅ ቀስ ብሎ። «‹ድምፄ መጥፎ ነው፣ እኔ ልጠብቃችሁ› ይለን ነበር። በሩንም በእኛ በኩል እንድንቀረቅር የነገረን እሱ ነው።»

«በሩ ላይ የጣት አንጓ ምልክቶች በሬዚን ደርቀዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ስስ ስስ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው በር በትከሻው ይገፋል። ይህ ሰው ግን አንኳኳ። በመካከላችሁ ማንኳኳት ምን ማለት ነበር?»

ኢስሀቅ አንገቱን ደፋ። «‹ሰው መጥቷል፣ ዝም በሉ›።»

«ስለዚህ ዝም አላችሁ።»

«መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ ኢስሀቅ።

«አይደለም» አለች ትርሐስ። «መዝጊያው ሲደበደብ ሊይዙን የመጡ መስሎኝ እኔ አጠፋሁ። ከዚያ አገኘሁ አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ። ኢስሀቅ ልክፈት ሲል እጁን ያዝኩት። ማንኳኳቱ ሲያቆም ሰዎቹ ሄዱ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በጓሮ ወጣን። ተመስገን እያልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።»

ሱራፌል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ስለ ጸሎቱ ካፊሉ ከሰማ የሚታሰሩት ብዙ ናቸው» አለ ገመዳ። «ካልሰማ ደግሞ የሚታሰረው ሱራፌል ነው። እኔ ማን እዚህ እንደነበረ እንጂ ለምን እንደነበረ አልተጠየቅሁም።»

ከዙሁር በኋላ አቡ ሷሊህ ገባ። ትርሐስ ቀድማ በዐረብኛ ተናገረች።

«ሱራፌል ጥፋት የለበትም። በጓሮ ገብቼ እዚህ ነበርኩ። ሴት ወርክሾፕ ውስጥ ተገኘች እንዳይባል መዝጊያው ሲደበደብ መብራቱን አጠፋሁ። ባሌ ሲያንኳኳ አልከፈትኩለትም። ብቻዬን ነበርኩ።»

ኢስሀቅ አፉን ከፈተ። አየችው፤ ዘጋው።

ካፊሉ ሞተር ሳይክሉን አየ፣ ከዚያ የገዛ ጡጫውን።

«የደበደብኩት እኔ ነኝ» አለ። «ለዚህ ሞተር።»

የሱራፌልን ኢቃማ ከኪሱ አውጥቶ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ ለገመዳ ሰጠው።

ትርሐስ ከፖሊስ ጥያቄ በኋላ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶላት ከሬሳው ጋር አገር ቤት ገባች። ሱራፌል ለቬንቲሌተሩ ለብቻው የኤሌክትሪክ መስመር ዘረጋለት፤ ጩኸቱን ግን አልነካውም። ሞተር ሳይክሉ አሁንም እዚያው ቆሟል። ታንኩ ተገጥሟል፣ የቀኙ ሽፋን ተገጥሟል። የግራው የለም።