በእሳቱ ሰ የሚፈልጉን

«አሁንም የለም» አለች ማርቲ ማውሱን ወደ ታች እየጎተተች። «ስንት ገጽ አለፍን! የአባትሽ ስም ግን አንድም ቦታ አልመጣም።»

እስከዳር ወንበሯን አስጠጋች። ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ሲወጡ የሚቀመጡት የማርቲ ወንድም ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ በከፈተው ኢንተርኔት ቤት ነበር። እስከዳር የአባቷን ሥራ የሚያሳይ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ካወጣች ወር አልፏታል። አባቷ ጋሽ ገዳሙ የቅዱሳን ሥዕል ይሥላሉ። ዘንድሮ ግን ሰው የታተመ ምስል ከሱቅ እየገዛ ደጃቸው ጭር ብሏል። ሥራ ካልተገኘ ቤቱን ለፎቶ ኮፒ አከራይተው ወደ ቁይ፣ ወደ ወንድማቸው እርሻ እንደሚሄዱ ለእናቷ ሲነግሯት ሰምታለች።

«ምን ብለሽ ነው የፈለግሽው?»

ማርቲ አሳየቻት። «የቅዱሳን ስእል ደብረ ማርቆስ።»

«ተሳስተሽ ነዋ! ሥዕል በንጉሡ ሠ፣ በዓይኑ ዐ ነው።» እስከዳር አጥፍታ እንደገና ጻፈች። አባቷ የሣሉት ቅዱስ ሩፋኤል ከሁሉ በላይ ብቅ አለ። «አየሽ!»

«ምኑን ነው የማየው? እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ አንቺና አባትሽ ብቻ ናችሁ። ሌላው ሰው ስልኩ ላይ የቀረበውን ፊደል ነው የሚነካው። ማሽኑ ደግሞ ያንኑ ቃል ይዞ ይዞራል። ያንቺ ገጽ ላይ ካጣው ሌላ ጋ ይሄዳል።»

እስከዳር የራሷን ገጽ ከፈተች። ገጹን ስትጽፍ አባቷ ከጎኗ ተቀምጠው እያንዳንዷን ፊደል አርመዋል።

«ፋራ አትሁኚ» አለች ማርቲ። «የተሳሳቱትን አጻጻፎች ሁሉ ከታች ደርድሪያቸውና ቀለማቸውን ነጭ አድርጊው። ነጭ በነጭ ላይ ማን ያያል? ማሽኑ ያነበዋል፣ ጋሽ ገዳሙ አያዩትም።»

እስከዳር ትንሽ አመነታችና ጻፈች። «ስእል፣ ስዕል፣ ሥእል...» ቀለሙን ስትቀይረው ባዶ ቦታ ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ዕለት መሪጌታ አካለ ወልድ ከደብረ ወርቅ መጡ። ከአባቷ ጋር አብረው የተማሩ ናቸው። አባቷ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ስልኩን አቀበሏቸው። «እስቲ ይዩት መሪጌታ፤ አንዲት ፊደል አልሳተችም። የጻፈችው ልጄ ናት!»

መሪጌታ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው እስከ መጨረሻው አነበቡ። «ፊደል ያከበርሽ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ» ብለው መረቋት። እስከዳር አሜን ማለት አቃታት።

እንግዳው እንደወጡ አባቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ ከታች ያላዩት ነገር አለ።» ባዶውን ቦታ በጣቷ ተጭና ስትይዘው ፊደሎቹ ብቅ አሉ።

አባቷ አነበቡ። ግንባራቸው ተቋጠረ። «ልጄ፣ እንዲህ ሲጻፍ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ‹ሰአሊ ለነ› የምንለው በዚህ ፊደል ነው። ልመና ማለት ነው። በስሜ ሥር ልመና ጻፍሽ?»

«ሰው የሚፈልግዎት እንዲህ እየጻፈ ነው፤ ሲያጣዎት ይሄዳል። መደበቄ ግን ልክ አይደለም። ወይ አጠፋዋለሁ፣ ወይ በግልጽ እጽፈዋለሁ። የፈቀዱትን።»

«ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው?»

«ሁሉም። እኔም ስቸኩል...»

«አንቺም!» አሉና ሣቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ብሩሹን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። «እኔስ ደብረ ወርቅ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያልኩ ለምኜ አይደል የተማርኩት? አንዷ እናት ነበረች፣ ግዕዜን ስሳሳት እየሰማች እንጀራውን ትጨምርልኝ የነበረች።» ቀና አሉ። «በጥቁር ጻፊው። ‹እንዲህም እንዲያም ብላችሁ የፈለጋችሁን፣ ቤቱ ይኸው ነው፤ ግቡ› በይ። ስትጽፊው ግን እኔ አላይም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከፋሲካ በኋላ ከጉንደ ወይን አንዲት ሴት መልእክት ላከች። «ሰላም የማሪያምን ስእል ትሰራላቹ? ለእናቴ ነው።»

አባቷ መልእክቱን ደጋግመው አነበቡት። ስለ ፊደሉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሸራ ሊፈልጉ ወደ ጓዳ እየገቡ «መልሺላት፣ አታስጠብቂያት» አሉ።

እስከዳር መጻፍ ስትጀምር ስልኩ ፈጥኖ «ስእል» የሚለውን አቀረበላት። አልነካችውም። ንጉሡን ሠ ፈልጋ አገኘች፤ ከዚያ ዓይኑን ዐ፤ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል።

«አዎ፣ ሥዕል እንሠራለን። እናትዎ የትኛዋን ማርያም ይወዳሉ?»

ላከችው።